ለአንድ ጥያቄ የጠፋ ጊዜ

የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አንገትጌ የምትሰፋው ሴት ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላት አገጯ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። ከዚያ በአራት ወር ውስጥ ጢም አወጣች። ጠዋት የነቀለችው ማታ እጇን ይወጋታል። ድምጿ ጎረነነ፤ የራስ ፀጉሯ ሳሳ፤ የወር አበባዋም ቀረ።

ስፌት ቤቱ ጉድ አገኘ። ጨርቅ ቆራጩ «ሻለቃ» አላት። ባለፈች ቁጥር ተገትሮ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ማሽኑ ሁሉ ቆሞ ይስቃል። ታላቅ እህቷ ደግሞ ያዘነች መስላ፣ «ባል አላገባም ብለሽ ነው» ትላታለች።

ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «በዘር ነው፤ ተላጪ» አላት።

«እናቴም አክስቶቼም የላቸውም እኮ! ድምፄስ?»

«ጉንፋን ይሆናል።»

ደሟ ፈላ። «አራት ወር ሙሉ ጉንፋን?» ብላ በሩን በላዩ ላይ ወርውራበት ወጣች። ግን ምን ታድርግ? ሦስት ወር ተላጨች።

ሆዷን በግራ በኩል ሲወጋት ሌላ ክሊኒክ ገባች። እዚያ ያገኘቻት ሐኪም ገና እንደተቀመጠች፣ «መቼ ጀመረሽ?» አለቻት። ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ብዙ ሴቶች ላይ ሆርሞን ተዛብቶ በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። እንዲህ በወራት የሚሮጥ ግን ዝም አይባልም።»

ደም ተወሰደ፤ አልትራሳውንድ ታየ። እንቁላል የሚመረትበት ቦታ ላይ ዕጢ በቅሏል። የወንድ ሆርሞን ሲረጭባት የከረመው እሱ ነው።

ሐኪሟ የምታለቅስ መስሏት ሶፍት አቀበለቻት። ሴትየዋን የያዛት ግን ንዴት ነበር።

ቀዶ ጥገናው ተሳካላት፤ ዕጢው አልተሠራጨም። የወር አበባዋ ተመለሰ፤ ጢሟ እየሳሳ ሄደ። ድምጿ ግን እንደጎረነነ ቀረ።

ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን ቆራጩ እጁን ወደ ግንባሩ ሲያነሳ፣ «አውርድ!» አለችው። «ሆዴ ውስጥ የሎሚ ያህል ዕጢ ይዤ ስትስቅብኝ ነበር። ስም አለኝ፤ በስሜ ጥራኝ።» ማንም አልሳቀም። እህቷ ይቅርታ ልትል ስትመጣም፣ «ዛሬ አይደለም» ብላ መለሰቻት።

ከዚያ የምርመራ ውጤቱን ይዛ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ሄደች። አነበበና ላቡን ጠረገ።

«ይሄ እኮ ብርቅ ነው፤ ብዙ አያጋጥምም።»

«‹መቼ ጀመረሽ?› ማለትም ብርቅ ነው?» አለችው።

መልሱን አልጠበቀችም፤ የጻፈችውን አቤቱታ ይዛ ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ወጣች።