አርባ ሦስት ከመቶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። በጸሎት ጊዜ እንኳ ዳር ዳሩን ስነካካ እቆይና መሃሉ ላይ ስደርስ፣ እግዜር እንደሆነ ያውቀዋል፣ ምን እደግምለታለሁ ብዬ አሜን እያልኩ እነሳለሁ። ቱ! እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለጸዳ እንዳይመስላችሁ። ራሴን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል፤ ብቻዬን መጸየፉ ሰለቸኝና እናንተም እዩልኝ ብዬ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና እመታለሁ፣ ማኅተም እይዛለሁ፣ ፈተና ሲደርስ ጥያቄውን በስቴንስል አባዛለሁ። ዲሬክተራችን ሕንድ ነበር። ከመምህራኑ ግማሾቹ ሕንዶችና አሜሪካኖች፣ የቀሩት ከሸዋ የመጡ ናቸው። ሀዲይኛ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ከገጠር የመጣ ወላጅ ሁሉ የልጁን ነገር የሚሰማው በእኔ አፍ ነው። በዚያ ላይ ከአካባቢው ልጆች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የዘለቀው በጣት የሚቆጠር ነበርና ሰው ሁሉ "የተማረው" ይለኛል። በገበያ ሳልፍ ሽማግሌ ይነሳልኛል። ማትሪክ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ መውደቄን የሚያውቅ አልነበረም፤ ማን ይጠይቀኛል?

ማቴዎስ ጠየቀኝ። ማቴዎስ ከቦኖሻ በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ አባቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቆጮና በሶ በፈረስ ጭነው ያመጡለታል። አንድ ቀን ቢሮ መጥቶ ፎርም ሲቀበለኝ፣ አንድ መምህር በተቀመጠበት፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ማትሪክ ስንት አምጥተው ነበር?" አለኝ። ተንኮል አልነበረበትም። ፈተናው ስለተቃረበ ከሚያከብረው ሰው ሊማር ነው የጠየቀው። መምህሩ ግን ቀና ብሎ አየኝ። የእኛ ጊዜ ሌላ ነው ብዬ ልጁን አባረርኩት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥርሴን ነከስኩበት። የልጁ ጥፋት ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ማትሪኩ ሦስት ወር ሲቀረው የሙከራ ፈተና ተሰጠ። ዲሬክተሩ ተማሪዎቹ እንዳይዘናጉ ብሎ ፈተናውን ሆን ብሎ አከበደው፤ እርማቱም ምሕረት አልነበረውም። ከክፍሉ አሥራ አንድ ተማሪዎች ሃምሳ የደረሰ አልተገኘም። አንደኛው አርባ ስድስት አገኘ፤ ማቴዎስ በአርባ ሦስት ሁለተኛ ሆነ። ወላጆች ተጠሩ። ከመምጣታቸው በፊት ዲሬክተሩ እኔን አስቀምጦ፣ ቁጥሩን አይተው እንዳይደነግጡ፣ ፈተናው ከዋናው የከበደ መሆኑን፣ እዚህ ሰላሳ አምስት ያመጣ ማትሪኩን እንደሚያልፍ፣ ከአርባ በላይ ያመጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ እንደማያጠራጥር ለእያንዳንዳቸው በደንብ አስረዳ አለኝ። ገባህ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኩት። አልገባኝም ነበር የምትለዋን መሸሸጊያ እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም።

ወላጆቹ በገበያ ቀን መጡ፤ አንድ በአንድ ወደ ቢሮ አስገባኋቸው። ሱቅ ያላቸው አንድ የጉራጌ ነጋዴ ልጃቸው ሰላሳ ስድስት አምጥቶ ነበር። አይስጉ፣ ያልፋል አልኳቸው፤ መርቀውኝ ወጡ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ልጇ ሰላሳ ስምንት ነው ስላት፣ ወደቀ ወይ አለችኝ። ፈተናው የከበደ መሆኑን፣ ልጇ ደህና መሆኑን በሀዲይኛ ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ ነገርኳት። እንዴት አድርጎ ማስረዳት እንደሚቻል አሳምሬ አውቅ ነበር። ለሌላው ሁሉ እንደ ታዘዝኩት ነው የሠራሁት።

ቀጥሎ የማቴዎስ አባት፣ አቶ ላምቤቦ፣ ከልጃቸው ጋር ገቡ። ቡልኮ የደረቡ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ይህን ልጅ ለማስተማር ከወንድሞቻቸው ጋር ተጣልተዋል፤ ጉልበት ያለው ልጅ እርሻ ትቶ ወረቀት ያገላብጣል እያሉ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይነዘንዛቸዋል። እኔ ይህን አውቃለሁ። ሌላም ነገር አውቃለሁ። በእኛ አገር ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ደግሶ አገር ይጠራል፣ ዕድሜ ልኩን ይከበራል። የአቶ ላምቤቦ አባት ሞልቶላቸው ነበር። የእሳቸው ከብት ግን ሰባ ላይ ሲደርስ በሽታ ገብቶ ጨረሰባቸው። ለእሳቸው መቶ ማለት ያ ነው፤ ፈተና የሚባል ነገር አያውቁም።

ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና አርባ ሦስት ከመቶ አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉኝ። ለባሏ የሞተባት ሴት ያልኩትን ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር እኮ! ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም። አስቤ፣ መርጬ ነው የተናገርኩት።

"አባባ፣ መቶ ከብት አስረክበውት፣ አርባ ሦስቱን ብቻ ይዞ ገባ ማለት ነው።"

በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ። "ሃምሳ ሰባቱስ?"

"የሉም" አልኳቸው።

ማቴዎስ የምቀጥል መስሎት ይጠብቅ ነበር። እንደማልቀጥል ሲያይ ራሱ ለአባቱ ተናገረ፦ ፈተናው ሆን ተብሎ የከበደ ነው፣ ሃምሳ የደረሰ የለም፣ እኔ ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚያውቀውን እውነት ነው የሚናገረው። አቶ ላምቤቦ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እኮ የተማረው ነኝ! ልጃቸው ያለው እውነት መሆኑን ጠየቁኝ።

"ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም" አልኩ።

አያችሁ፣ አልዋሸሁም! ይህችን ነገር ስንት ዓመት እንዳላመጥኳት አትጠይቁኝ። እውነትም ወረቀቱ ላይ ከስምና ከቁጥር በቀር ምንም የለም። እኔው ነኝ የመታሁት፣ የሌለውን አውቃለሁ። አርባ ሦስት አልኩ፣ አርባ ሦስት ነው። የለም አልኩ፣ የለም። ሁለቱም እውነት ነው፤ በሁለቱም አንድ ልጅ አባቱ ፊት ውሸታም አደረግኩ። ተራ ውሸታም ብሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ቢያንስ የሠራውን ያውቀዋል፤ እኔ ግን እጄን ታጥቤ ነው የገደልኩት።

ማቴዎስ እጁን ወደ ዲሬክተሩ በር ዘረጋ፣ እሱን እንጠይቀው ሊል። ከዚያ እጁ ወረደ። ዲሬክተሩ ቢመጣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አቶ ላምቤቦ የሚሰሙት ያው በእኔ አፍ ነው። ይህን ሲረዳ ፊቱን አየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ" አለኝ። ወረቀት አስተካክላለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የተስተካከለ ወረቀት ነበር።

አቶ ላምቤቦ ተነሱ። አልጮሁም። መውደቁን እችለው ነበር፣ ዓይኔ እያየ የዋሸኝን ግን አልችለውም አሉ። በዚያው ቀን ከኪራይ ቤቱ ሳጥኑን አውጥተው በፈረስ ጫኑትና ወደ ቦኖሻ ይዘውት ሄዱ። ስንቁም ኪራዩም ከእሳቸው ነበር፤ ደግሞም ማቴዎስ ከአባቱ ቃል የሚወጣ ልጅ አልነበረም። ማትሪኩ ሲሰጥ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዝርዝሩን በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። የነጋዴው ልጅ አልፏል፣ የሴትዮዋም ልጅ አልፏል። ለጥፌ ስጨርስ ምን ተሰማኝ? ቀለለኝ። ቤቴ ሄጄ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እዚህ ላይ ያበቃ ቢሆን ኖሮ ወጣት ነበርኩ፣ ቀናሁ ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። አላበቃም። በዓመቱ አቶ ላምቤቦ ቤቴ ድረስ መጡ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው። ልጄ ሲዋሸኝ አንተ እውነቱን ነገርከኝ፣ ውለታህን አልረሳም አሉኝ። ማቴዎስ ቤት ውስጥ መኖር አቅቶት ወጥቶ አዲሎ ከተማ መኪና ላይ ጭነት እየጫነና እያወረደ እንደሆነ ከእሳቸው አፍ ሰማሁ። እቤት ሳለ ከብት ወደ ገበያ እንዲነዳ እንኳ አያምኑትም ነበር። አንዴ የዋሸ ይሰርቃል አሉ። እያወሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ምነው በተናገርኩ! አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሚስቴ በቅቤው አተካና ሠራች፣ ቡላውን ከአይቡ ጋር አዋህዳ። ከአንድ ገበታ ከአባትየው ጋር በላሁ። ጣፈጠኝ። ጨመርኩ።

በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ጊዜ ቅቤ። ስድስት ጊዜ እዚያው በራፌ ላይ ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ዛሬ ቅቤ ሲነጠር ከሸተተኝ ከቤት እወጣለሁ፤ ሚስቴ ሆዱን ያመዋል ትላለች። ሆዴን አያመኝም። የሚሸተኝ የራሴ ግማት ነው።

በሰባተኛው ዓመት አቶ ላምቤቦ ታመው ሞቱ። ለለቅሶ ቦኖሻ ሄድኩ፤ እንዲያውም ከዘመድ ጎን፣ ከፊት አስቀመጡኝ። ማቴዎስ ከአዲሎ መጥቶ ነበር። ትከሻው ሰፍቷል፣ እጁ ሻክሯል። ቀብሩ እንዳለቀ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ መሃል ወሰደኝ። ይመታኛል ብዬ ፈራሁ። አልመታኝም። አባቱ በየዓመቱ እኔ ዘንድ እንደሚመጡ ሰምቶ ነበርና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ለአባቴ እውነቱን ነግረውት ነበር?"

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ።

አባቴ ምን አለ አለኝ። ልጄን በድዬዋለሁ ብለው አለቀሱ፣ ሲሻላቸው አዲሎ መጥተው ሊታረቁህ ነበር አልኩት። ከየት አመጣሁት? እንዴት እንዲህ ቶሎ መጣልኝ? ያ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ፣ አምላክ ይይልኝ፣ ጉልበቴን ሳመ።

አጽናንቶታል፣ ምናለበት የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ተዉት። እሱን ላጽናና አልነበረም። ለቀስተኛው ቅርብ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጠይቀኝ ያ ሁሉ ሰው ይሰማ ነበር። ስሜን ነው ያዳንኩት። ፊተኛው ቀን እውነት ተናግሬ ገደልኩት፣ ያን ቀን ዋሽቼ ጉልበቴን አሳምኩት። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንደሚያስጠላ ዛሬም መለየት ያቅተኛል።

ማቴዎስ በሕይወት አለ። ወልዷል። አያታችሁ ሳይሞት ታርቆኛል እያለ ለልጆቹ እንደሚነግራቸው ሰምቻለሁ። ማንበብ ይወዳል፣ ይህም ጽሑፍ እጁ ይገባል። ይህን እያወቅኩ ጻፍኩት። ዝም ብዬ ብሞት ያቺን መጽናኛውን ይዞ ይኖር ነበር፤ አሁን እሷንም ልነጥቀው ነው። ያን ጊዜ ለራሴ ስል ዋሸሁ፣ ዛሬ ለራሴ ስል እውነት እናገራለሁ፤ ያው እኔው ነኝ፣ አልተለወጥኩም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ በምን ፊቴ! አባትህ አላለቀሱም ማቴዎስ። በድዬዋለሁ አላሉም፣ ወደ አዲሎም ሊመጡ አላሰቡም። ውሸታም ልጅ እንደ ወለዱ አምነው ነው የሞቱት። ስድስት ጊዜ ቤቴ መጥተው ነበር፤ አልነገርኳቸውም።