ሁለተኛ ላይ ያደረግሁት ሕክምና

ጓደኛዬ ለዕረፍት ወደ ከተማችን ሐይቅ በመጣች ቁጥር እኔ ስሜን አጣለሁ። በሌላው ጊዜ «ቲቸር» ነኝ፤ እሷ መናኸሪያ ከወረደች በኋላ ግን «የዶክተሯ ጓደኛ» እባላለሁ። ገና አልተመረቀችም፣ ተማሪ ናት ብዬ ባስረዳም የሚሰማኝ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሳ ልንበላ ሄድን። አሳ ጠባሹ ከሩቅ ሲያያት ከመጥበሻው ተነሳ።

«ዶክተርዬ! እንኳን መጣሽልኝ፤ ይሄ ወገቤ ሊገድለኝ ነው እኮ።»

«ጎንበስ ብለው ነዋ አሳ የሚበልቱት፤ ጠረጴዛውን ከፍ ያድርጉት።»

«ዕውቀት ማለት ይሄ ነው!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። እኔም ባለፈው ወር ይህንኑ ነግሬው ነበር። ያኔ «እህ» ብሎ ዘይቱን ነው ያማሰለው።

ትልቁን ቆሮሶ አሳ ከነዳጣው ለእሷ አቀረበ። የእኔ ጭራ ብቻ ይመስል ነበር። «ለቲቸር ቀለል ያለ ይስማማታል፤ ጠመኔው ሆድ ይሞላል» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ቅናቴ እንዲገባችሁ የምደባውን ሥርዓት ላስረዳ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይማራል። ዓመቱ ሲያልቅ የሚፈልጋቸውን የትምህርት ክፍሎች በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ የመግቢያ ፈተናውና የዓመቱ ውጤት ተዳምሮ ይወዳደራል። ሕክምናን የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ቦታው ጥቂት። እኔና ጓደኛዬ አንድ ዴስክ ላይ ተምረን አንድ ዩኒቨርሲቲ ገባን። በመጀመሪያው ሴሚስተር በሎጂክ ሲ አገኘሁ። እሷ ሕክምና ገባች፣ እኔ ባዮሎጂ። ያቺ ሲ ናት እዚህ ያስቀረችኝ ብዬ ስላመንኩ ለተማሪዎቼም «አንዲት ሲ ለማስቀረት ትበቃለች!» እያልኩ አስጠነቅቃለሁ።

አሳው ሳያልቅ አምና ያስተማርኳት ልጅ መጣች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ለሴሚስተር ዕረፍት ነው የመጣችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቤት ሄጄ አጣሁዎት፣ ቲቸር። ፊዚክስ ሲ መጣብኝ። አንዲት ሲ ትበቃለች ይሉን ነበር። ሪያድ ያለችው እህቴ ሕክምናው ካልሆነ ነይ እያለችኝ ነው። ሰኞ ፓስፖርት ላወጣ ልሄድ ነው።»

ብዕሬን አወጣሁ። ክሬዲቱን፣ የቀረውን ሴሚስተር በሥርዓት ላሰላላት ነበር። ጓደኛዬ ግን አፏን ጠርጋ፣ «እኔም እኮ ሲ ነበረኝ» አለች።

«የምን ሲ?» አልኳት።

«የሒሳብ። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ታዲያ እንዴት ገባሽ?»

«በሁለተኛው ሴሚስተር ነፍሴ እስክትወጣ አነበብኩ። ምርጫ ሲመጣ ሕክምናን አንደኛ አደረግሁ። አንቺስ?»

እኔ ሁለተኛ ነበር ያደረግሁት። ሲ ይዤ አንደኛ ባደርገው እዋረዳለሁ፣ ባዮሎጂን ላስቀድምና ሕክምናው ሁለተኛ ሆኖ ይጠብቀኝ ብዬ። ለማስረዳት ቀላል ነው፦ አንደኛ የመረጡት ከተሰጠ ሁለተኛውን ማንም አያየውም። ባዮሎጂ ደግሞ ወዲያው ተሰጠኝ።

እስከዚያች ደቂቃ የምቀናው በውጤቷ ነበር። በውጤት መቅናት ይቻላል፤ ሰው «በልጦኝ ነው» ብሎ ይጽናናል። እሷ ግን እንደ እኔው ሲ ይዛ ነበር። በድፍረቷ መቅናት ሌላ ነው፤ እኔም ልድፈር ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። አሳው አፌ ውስጥ ጣዕሙ ጠፋ።

ልጅቷ ብዕሬን እያየች ትጠብቃለች። ዝም ብል ሰኞ ፓስፖርቱን ልታወጣ ነው። ብናገር ደግሞ እኔ የቀረሁበትን እሷ ልታልፈው ትችላለች። ሁለቱም ያማል።

«አንዲት ሲ ለማስቀረት አትበቃም» አልኳት። ብዕሬንም ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። «ፓስፖርቱ ይቆይ። ተመለሺና አጥኚ። ምርጫ ሲመጣ አንደኛ አድርጊው፤ ሁለተኛ እንዳታደርጊው፣ ሰማሽ?»

«እሺ፣ ቲቸር» አለችና በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

አሳ ጠባሹ ለካ ሁሉንም ይሰማ ነበር። «ማሻአላህ! ሌላ ዶክተር መጣችልና!» ብሎ ከመጥበሻው አንድ ትልቅ ቆሮሶ አንስቶ ልጅቷ ፊት አስቀመጠ። ከእኔው እጥፍ ይሆናል።

«ገና አልገባችም እኮ» አልኩት።

«አብሽሪ ቲቸር፣ ለአንቺም ይጨመርልሻል።»

ሒሳብ ከፍለን እስክንነሳ ጠበቅሁ፤ አልጨመረልኝም።