እየዘለለ የሚሠራው ላፕቶፕ

«ልጄ፣ ይሄማ ልክ እንደ እኛ ምራቶች ነው!» ብለው ዛሬ በሳቅ ገደሉኝ። ሆሳዕና ወዳለችው የጥገና ሱቄ ከአንጋጫ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው።

ለልጅ ልጆቻቸው የከምባትኛ ተረት የሚጽፉበት ላፕቶፕ በየመሃሉ እየጠፋ አስለቅሷቸዋል። ሚሞሪው ትንሽ ቦታ ላይ ተበላሽቷል፤ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ደግሞ አይቀየርም።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «እዚህች ቦታ ላይ ምንም እንዳታስቀምጥ፣ ዝለላት» ብዬ አዘዝኩት። (ሰማኝ! ቤቴ ውስጥ ማንም አይሰማኝም።)

ይሄን ስነግራቸው ነው በምራቶች የመሰሉት፤ እሳቸውም በአገሩ ወግ የባላቸውን አባት ስም አይጠሩም። በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ዘለው፣ ሌላ ቃል እየተኩ ነው የኖሩት።

«አማትዎ ማን ይባሉ ነበር?» አልኳቸው። ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያም ሆኖ የመምህርቷ አፍ እምቢ አለ። ላፕቶፑን ሳብ አድርገው ስሙን ጻፉልኝ።

ላፕቶፑም አልጠፋም።

እናንተስ ቤት እንዲህ እየተዘለለ በሰላም የሚኖር ነገር አለ?