አቧራ ያልነካው ጉልበት

ጎንደር ውስጥ የድሮ ቮሊቦል የሚያስታውስ ሰው፣ ከኋላ ሆና ኳስ በማንሳት ማን ትበልጥ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠራው አጠገቤ ትሰለፍ የነበረችውን ነው። እኔን አይጠራም። እስካሁን ዝም ያልኩት ሳልናደድ ቀርቼ አይደለም፤ የሆዴን ለሰው መዘርገፍ ስለማልወድ ነው።

ሁለታችንም ነርሶች ነበርን፤ ለመሥሪያ ቤታችን ቡድን የኋላውን መስመር የምንጠብቀው እኛ ነን። እሷ የማክሰኝት ልጅ፣ እኔ የቁስቋም። ሜዳው ጠጠር ነበር። ከጨዋታ በፊት ውኃ ረጭተን እንጠርገዋለን፤ ለወደቀ ሰው ግን አይራራም። እሷ ትወድቃለች። ኳሷ መሬት ልትነካ ስትል በደረቷ ተንሸራትታ በአንድ እጇ ታነሳታለች። አጥሩ ላይ የተቀመጠው ተመልካች በሙሉ ይነሳል። እኔ አልወድቅም። የመቺዋን ትከሻ አይቼ፣ ኳሷ ሳትመታ ወደምትመጣበት እሄድና ቆሜ እጠብቃታለሁ። ክንዴ ላይ ታርፋለች፤ ከዚያ አቀባይዋ እጅ ትገባለች። ማንም አያጨበጭብም። ሰው ኳሷ እኔ ወዳለሁበት የመጣች ይመስለዋል።

እጇ ከእኔ ይልቅ ለስላሳ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከባድ ምት እንኳ እሷ እጅ ላይ ድምፅ አያሰማም። ቀድሞ ማየት ግን የእኔ ነበር። የምትወድቀው ዘግይታ ስለምታይ ነው፤ ቀድማ ብታይ ኖሮ ምን ያስወድቃታል? ዕድሜዬን ሙሉ ለራሴ ያልኩት ይህንን ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ ልፋትን በአቧራ ይለካል። ጨዋታ ሲያልቅ አሠልጣኙ ጉልበታችንን ያያል። የእሷ ይደማል፤ የእኔ እንደታጠበ ነው።

«አንቺ ዛሬ ሠርግ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳቁብኝ። እሷም ሳቀች። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ከኋላ የምትሰለፍ አንዲት ልጅ ስትፈለግ የላከው እሷን ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ተጫወተች፤ ስትመለስ አበባ ይዘው ተቀበሏት። በሌለችበት ተረኝነቷን የሠራሁላት እኔ ነኝ።

በዚያ ሜዳ አጠገቤ የቆመች እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ማን ቀድሞ ያይ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን ከራሷ አፍ እሰማዋለሁ ብዬ ቆየሁ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ግን ከ«እንደምነሽ» አላለፍንም። ዘንድሮ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጇ አልጋው አጠገብ ወንበር ሰጠችኝ። አሠልጣኛችን ምርኩዙን ይዞ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ የውጭ አገር ሴቶች ቮሊቦል ይጫወታሉ።

«ስታየው ደስ ይላታል፣ እትዬ» አለችኝ ልጇ።

«የእነዚህ ወለሉ እንጨት ነው» አለ አሠልጣኙ። «እናትሽ ጠጠር ላይ ነበር የምትዋኝ! እንደሷ ያለች ጎንደር አላየችም።» ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ አለውና «አንቺም ሸጋ ነበርሽ» አለኝ።

«ለመሆኑ ያስታውሱኛል፣ ጋሼ?»

«ምነው! ያች ልብሷ የማይቆሽሸው አይደለሽ?»

ልጇ እየሳቀች ብርቱካኑን ልትልጥ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ምርኩዙ ላይ ተደግፎ አንቀላፋ። ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ።

«አንቺ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «አሁን እንኳ ንገሪኝ። ማናችን ነበርን ቀድመን የምናይ?»

ዐይኗ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሯን ለማንቀሳቀስ ታገለች፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። በመሐረብ ጠረግኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። መቺዋ ዘለለች። እጇ ኳሷን ሳይነካ፣ የበሽተኛዋ ደኅነኛ ትከሻ ከትራሱ ተነስቶ ወደ ግራ ተሳበ። ኳሷም ወደ ግራ ሄደች። አጋጣሚ ነው ብዬ ሌላ ምት ጠበቅሁ። አሁንም ከኳሷ ቀድማ አገጯን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ኳሷ ተከተለቻት። እኔም ወደ ቀኝ መሆኑን ያወቅሁት ያኔውኑ ነበር፤ ከእሷ አልቀደምኩም።

አትዘገይም ነበር ማለት ነው። ታዲያ ምነው ወደቀች? እያየች ሆን ብላ ዘግይታ፣ ለተመልካቹ ብላ? ለአሠልጣኙ ዐይን? ወይስ እኔ አልደርስባትም ብዬ የምተዋትን ኳስ እሷ አልተው ብላ ነው? ይህን የምትመልስልኝ አንዲት ሰው ናት፤ እሷም መናገር አትችልም።

ልጇ ብርቱካኑን በሳህን ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ፣ እሳቸው እንኳ ማጋነን ይወዳሉ። እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እማ እውነት ጎበዝ ነበረች?»

የማውቀውን ፈለግሁ። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

«ትወድቅ ነበር» አልኳት።

እናቷ አየችኝ። ግማሽ ፊቷ አይንቀሳቀስም፤ ትሳቅብኝ ትቀየመኝ መለየት አልቻልኩም።