ሱከርን ያሞቅኩበት ቀን

ሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም.፣ የጥር ወር ነበር። ጅዳዎች ብርድ የሚሉት ያን ሰሞን ነው። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ብርድ አይባልም፤ ሌሊት አንድ ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል። የጅዳ ሰው ግን ሹራብ ይደራርባል፣ ለልጆቹ ኮፍያ ያጠልቃል፣ ሳሕለብ የሚሉትን ወፍራም የወተት መጠጥ ጠዋት ማታ ያፈላል።

ያን ጥር ለዓመታት ለማንም አላነሳሁትም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰሚራ ለፈተና ስታጠና ጮክ ብላ አነበበች። እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ።

«እባብ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም። ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማየ፣ አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው?»

ምስሩን አስቀምጬ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሰሚራን በስምንት ወሯ ለእናቴ ትቼ ጅዳ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የገባሁበት ቤት ደህና ቤት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ብዙ እህቶቼ ያላገኙትን አግኝቻለሁ፤ በር ያለው ክፍል፣ የሰላት ጊዜ፣ ከእነሱ ድስት የሚወጣ ምግብ። ከፊሌን፣ አሠሪዬን ማለቴ ነው፣ ባባ እላቸው ነበር። ፔትሮሚን የሚባል ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ነበራቸው። ሚስታቸው ማዳም አስተማሪ ናት። የባባ እናት መካ፣ ሩሰይፋ ይኖራሉ፤ እሳቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ እኔንም ይወስዱኛል። ካዕባን መጀመሪያ ያየሁት በእነሱ መኪና ሄጄ ነው። እዚያ ቆሜ የሰሚራን ስም ብቻ ነው የጠራሁት። ሌላ ዱዓ አልመጣልኝም።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሪማ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። ሪማ እባብ ታሳድጋለች። ቡናማና ጥቁር ዥንጉርጉር፣ ከክንድ የሚረዝም፣ መርዝ የሌለው እባብ። ስሙ ሱከር ነው፤ ስኳር ማለት ነው። ምግቡ በረዶ የሆነ አይጥ ነው፤ ለዚህም ለብቻው ትንሽ ፍሪጅ አለው። በእኛ አገር እባብ ሲታይ ዱላ ነው የሚነሳው። አባቴማ ሰላት ላይ ብትሆኑም ግደሉት ተብሏል ይለን ነበር። እኔ ግን የሪማን ክፍል በጠረግሁ ቁጥር ቢስሚላሂ እያልኩ የዚያን እባብ መስታወት እወለውላለሁ። ቆይቶ ለመድኩት። ለመድኩት ስል መጮህ ተውኩ ማለቴ ነው፤ ነክቼው አላውቅም።

ያን ጥር ሱከር ታመመ። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል። የእንስሳት ሐኪሙ ደረቱን ነው አለ። መድኃኒት ሰጠው፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ ግን ሙቀት ነው የሚያድነው አለ። ከመስታወት ሣጥኑ ሥር በኤሌክትሪክ የምትሞቅ ስስ ምንጣፍ አለች፤ ከጎኗ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መቆጣጠሪያ። ቁጥሯ ከሠላሳ እንዳትወርድ ተባለ።

በዚያው ሰሞን ባባ ከረመዳን በፊት የሁለት ወር ፈቃድ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሰሚራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አል-ባላድ ገበያ ወርጄ ጫማ ገዛሁላት። ሻጩ ቁጥሯን ሲጠይቀኝ አላውቅም። የሦስት ዓመት ልጅ ናት አልኩት። ሁለት ዓይነት አሳየኝ፤ ትልቁን ወሰድኩ።

ረቡዕ ዕለት የባባ እናት አመማቸው ተባለና ሁሉም ወደ መካ ተነሱ። እኔ ለሱከር ስል ቀረሁ። ማዳም በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «መዲና፣ እባቡ አንድ ነገር ከሆነ ሪማን ዝም የሚያሰኛት የለም። ያኔ የሀገርሽን ነገር እርሺው፤ ኻላስ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን አለችው። ሪማ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ መልሳ ወረደች።

«ሠላሳ፣ መዲና። ሠላሳ፣ እሺ?»

«አማና ነው፤ አደራሽ አለብኝ» አልኳት።

ሐሙስ ሱብሒ ሰግጄ ሳበቃ ሰማዩ አጉረመረመ። ጅዳ ውስጥ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ተቆጥቶ ነው የሚመጣው። እኛ ሰፈር ነጎድጓድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አለ፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ስልኩም ከሶኬት ይነቀላል። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን በመብረቅ ሲቃጠል ካየሁ ወዲህ ደግሞ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። አላሰብኩበትም። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ነቀልኩ። ሳሎን፣ ኩሽና፣ የሪማ ክፍል።

ዝናቡ እስከ ረፋዱ ወረደ። ትናንት የተረፈ ተሚስ ዳቦ ምድጃ ላይ አሙቄ በፉል በላሁ። ዝናብ ናፍቆኝ ስለነበር መስኮቶቹን ከፈትኳቸው። የረጠበ አፈር ሽታ ጅዳም አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ ፊት አፈርኩ። ሱከር ሲበርደው እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነጎድጓዱ ሲያበቃ ሁሉንም መልሼ ሰካሁ። ፍሪጁ ተነሳ፣ ቴሌቪዥኑ ቀይ መብራቱን አበራ። የሪማ ክፍል ስገባ ግን መቆጣጠሪያዋ ዜሮ ዜሮ እያለች ብልጭ ድርግም ትላለች። ምንጣፏ ቀዝቃዛ ናት። ሣጥኑ ውስጥ የተለጠፈው ሌላ መለኪያ ሃያ ይላል። ሱከር ጥግ ላይ ተጠቅልሎ አፉን ከፍቷል። ቁልፎቹን ነካካሁ። አንዱን ስጫን መቆጣጠሪያዋ ጮኸች፤ ሌላውን ስጫን ጭራሽ ጠፋች።

ወዲያው ለሪማ መደወል ነበረብኝ። ፈራሁ። የሪማን ክፍል በር ዘግቼ መልሼ ከፈትኩ፣ ዘግቼ ከፈትኩ። ብዙ ቆይቼ ነው የደወልኩት፤ እሱንም ለዘሀራ። ዘሀራ ያገሬ ልጅ ናት፤ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ቤት ትሠራለች።

«እባቡን በረደው» አልኳት።

«ማንን በረደው?»

«የሪማን እባብ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ በአላህ! የወሎ ሴት ልጇን ስታሞቅ አይቻለሁ፣ ባሏን ስታሞቅ ሰምቻለሁ። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ እባብ ልታሞቂ?»

«አትሳቂ፣ ዘሀራ። ከሞተ ልጄን አላያትም።»

ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ፣ «ደውዪላቸው» አለች። «እኔን ስታወሪ እሱ እየባሰበት ነው። አብሽሪ፣ አላህ አለ።»

ደወልኩ። ነቀልኩት ብዬ ሁሉንም ለሪማ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ድምጿ ብቻ ቀጠነ። የቱን ቁልፍ እንደምጫን ነገረችኝ፤ አልሠራም። ፎቶ ላክሁላት፤ ተበላሽታለች አለች። እንዳይመጡ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶታል። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ውሃ አፍልቼ በጠርሙስ ሞላሁ፣ በፎጣ ጠቀለልኩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ደረደርኩ። መለኪያው ሃያ ሁለት ደረሰ። ጠርሙሶቹ ሲቀዘቅዙ እሱም ወደ ሃያ አንድ ተመለሰ።

«ያዢው፣ መዲና» አለችኝ ሪማ። «ሰውነትሽ ላይ አድርጊው። ቤት ውስጥ ካንቺ በቀር የሚሞቅ ነገር የለም።»

አዑዙ ቢላህ አልኩ። ከቁርዓን አያተል ኩርሲን ቀራሁ። እጄን ሰድጄ መለስኩ፤ እንደገና ሰድጄ መለስኩ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ አነሳሁት። እርጥብ ይመስለኝ ነበር፤ ደረቅ ነው፣ እንደ ለፋ ቆዳ ለስላሳ። ከልብሴ ሥር ሆዴ ላይ ሳደርገው እንደ ብረት ቀዘቀዘኝ። ብርድ ልብስ ደርቤ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ፉጨቱ ይሰማኛል። ሰሚራን ጉንፋን ሲይዛት እንዲህ ነበር የምይዛት።

የዙህር ሰላት ሲደርስ በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ አጠገቤ አስቀምጬ ሰገድኩ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር። ሰግጄ መልሼ ሆዴ ላይ አደረግሁት።

ወደ ዐስር ሰላት ግድም ሞቀ። ከራሱ እስከ ጅራቱ እንደ እኔ ሞቀ። ያ የሚያስጨንቀው ፉጨትም ቆመ። እንባዬ መጣ። ደወልኩ።

«ሪማ፣ ሞቆልሻል! ማፏጨቱንም ተወ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ!»

በስልኩ ውስጥ በደስታ ጮኸች። አያቷም ከአልጋቸው ሆነው አልሐምዱሊላህ ሲሉ ሰማሁ።

መንገዱ ተከፍቶላቸው ከመግሪብ በፊት ደረሱ። ሪማ ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጣ ገባች። ሰጠኋት። ጭንቅላቱን በጣቷ ቀና አደረገችው፤ ወደቀ። እንደገና ቀና አደረገችው።

«በሕይወት የለም» አለች።

«ትኩስ ነው እኮ! ንኪው።»

«ይሄ ያንቺ ሙቀት ነው፣ መዲና።»

ሰው ሲሞት ይቀዘቅዛል። እኔ የማውቀው እሱን ነው። ሙቀቱን ስጠብቅ ነፍሱ መቼ እንደወጣች አላወቅሁም። ምናልባት የምሥራች ብዬ ስደውልላት ሞቶ ነበር።

ባባ መቆጣጠሪያዋን አገላብጠው አዩ። «ካልተነቀለች እንዲህ አትሆንም። ማን ነቀላት?» አሉ። ማዳም ወደ እኔ ዞረች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሪማ፣ «እኔ ነኝ። ስልኬን ልሰካ ነቅዬ ረሳሁት» አለች። ባባ ተቆጡ። ነፍስ ያለው ነገር መያዝ የማትችል ግዴለሽ አሏት፤ ከእንግዲህ ምንም እንስሳ እዚህ ቤት አይገባም አሉ። ሱከርን እንደታቀፈች ቆማ ሰማች። በኋላ ኩሽና ድረስ መጥታ፣ «ሄደሽ ልጅሽን እዪ» አለችኝ።  እኔም ያን ማታ እውነቱን አልተናገርኩም።

እዚህ ላይ ሰሚራ አቋረጠችኝ። «ታዲያ ያኔ መጣሽ?»

«አልመጣሁም። በማግስቱ እውነቱን ስናገር ፈቃዱ ቀረ። የመጣሁት አምስት ዓመት ሲሞላሽ ነው። አያትሽ ቀሚስ ጀርባ ተደብቀሽ ነው ያየሽኝ።»

ባባንም ማዳምንም አልወቅስም። እንጀራቸውን በልቻለሁ፤ ይህን ቤት የሠራሁት እዚያ ሠርቼ ነው። ሪማን በዱዓዬ ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን የለም። አላህ ብዙ ሰጥቶኛል። ያን ቀን ግን ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ፣ የገላዬን ሙቀት ሳይቀር፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሆንኩ። እንዲህ ያለ ቀን ሰው ላይ እንደሚመጣ ልጄ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

«ማንም አላወቀብሽም ነበር እኮ» አለች ሰሚራ። «ለምን ተናገርሽ?»

 የሆነውን ብቻ ነገርኳት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሱብሒ ሰገድኩ። ሻይ በናዕናዕ ቅጠል አፈላሁ፣ አይብና ወይራ አቀረብኩ። ሪማ ዓይኗ አብጦ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ባባ አያዩአትም። ሻዩን አስቀምጬ ወደ ኩሽና መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም።

«ባባ» አልኩ፣ «የነቀልኩት እኔ ነኝ። ልጅዎን ያናግሯት።»