የጓያ እንፋሎት
ከደሴ እስከ ወግዲ መንገድ

ሰኞ፣ ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለት ስልቻ ስንዴዬን የጭነት መኪናው ላይ አስጭኜ ከሾፌሩ ከሰይድ ጎን ተቀምጫለሁ። ስንዴው ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ነው። እትዬ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ መንደር አግብታ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ከዚያ የመጣ የማር ነጋዴ፣ "እህትህ ደህና ናት፤ ጓያ ላይ ናቸው እንጂ" አለኝ። እህሉ ሁሉ አልቆ ጓያን ብቻ ጧት ማታ ሲበሉ እንዲህ ነው የሚባለው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ጓያን ለማታውቁ፦ አተር የምትመስል፣ ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ድርቁን ችላ የምትቀር እህል ናት። ሽሮዋም ቂጣዋም ይበላል። ስሟ ግን ከማሳ ወጥቶ ሰው ላይ ያድራል። በዱላ ተደግፎ፣ ጉልበቱ እየተጋጨ፣ በእግሩ ጣት የሚራመድ ሰው አይታችሁ ምን ሆኖ ነው ብትሉ፣ "ጓያ ሰብሮት" ይሏችኋል። ሌላ ማብራሪያ አይጨመርም።

"ምነው ዝም አልክ፣ መምህር?" አለ ሰይድ።

"እህቴ ጓያ ላይ ናት።"

"ያረቢ!" አለና ማርሹን አስገባ።

ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉም ነው። በመንገዱ ዳር ረሃብ ከቤታቸው ያስወጣቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንደተቀመጡ ያሉ ናቸው። መኪና ሲያዩ እጃቸውን እንኳ አይዘረጉም። በራዲዮ ማርሽ እየተመታ ነው፤ መሬት ላራሹ ሆነ፣ ጭሰኝነት ቀረ፣ ይላል የራዲዮው ሰውዬ በደስታ። ሰይድ እጁን ሰደደና ዘጋው።

"ሰው ያልቃል፣ እነሱ ይዘፍናሉ" አለ።

አቀስታ፣ ቀትር

ገበያው ላይ ሰው ሞልቷል፣ እህል ግን የለም። ያለችው ጓያ ናት። አንዲት ሴት ፊት ቆሜ፣ "ይቺ ምንድን ናት?" አልኩ እያወቅሁ።

"አተር ቢጤ ናት፣ ጌታዬ።"

አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቁ። "ስሟን ጥሪያ!"

"ስሟን ጠርቼ ማን ሊገዛኝ ነው፣ አባባ?" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አይዞህ፣ የምትሰብረው እንፋሎቷ ነው። ስትፈላ አትጠጋት እንጂ መብሏስ ምንም አይልህ።"

ደሴ የማውቀው ሐኪም የነገረኝን ነገርኳት፦ እንፋሎቱ ማንንም አይነካም፣ የሚሰብረው መብሉ ነው፣ እሷን ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩን ያጣል። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ቤት ስንዴ አለ መሰለኝ" አለች።

ወደ መኪናው ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ

አዳሬ መካነ ሰላም ነበር። ጧት ስልቻዎቹን በአህያ አስጭኜ ተነሳሁ። መንገዱ ዋልካ አፈር ነው፣ ጥቁር፣ ተሰነጣጥቆ የደረቀ። በየማሳው የሚታይ በሬ የለም።

የእትዬ ጎጆ ጋ ስደርስ ከቤቱ ርቃ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ነፋሱ ወደ ገደሉ በሚነፍስበት በኩል ድስት ጥዳለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሳያት ሮጥኩ። እሷ ግን ሁለት እጇን ዘረጋችብኝ።

"አትቅረብ! እንፋሎቱ ይይዝሃል! ወንድምዓለም፣ በማርያም፣ እዚያው ቁም!"

ድስቱን አውርዳ እንፋሎቱ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። አጥንቷ ቆረቆረኝ። "ዓመት ሙሉ እንፋሎቱን ቤት አስገብቼ አላውቅም" አለች፤ ኩራት ነበረባት። "ይመርን አንድ ቀን አላስጠጋሁትም።"

ባሏ ጋሼ ይመር ከመደብ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲገባ ከሁሉ ቀድመው የሚነሱ ሰው ነበሩ። አሁንም ሊነሱ ከግድግዳው ሁለት ዱላ አወረዱ። ጉልበታቸው ተቆላለፈ፣ ተረከዛቸው መሬት አልነካ አለ።

"ኧረ በእግዜር፣ ጋሼ፣ አይነሱ!"

"አብሽር" አሉ ሳቅ ብለው። "መሬቱ ያንተ ነው አሉኝ ሰሞኑን። ሰባት ትውልድ ለመሬት ጌታ ስናርስ ኖረን፣ ይኸው፣ የኔ ሲሆን እግሬ ሄደ።"

መቻል አቃተኝ። እንፋሎቱ አይደለም፣ መብሉ ነው ብዬ ጮህኩ። እትዬ ድስቱን እንደያዘች ቆመች።

"እና ምን እንብላ?" አለች።

"ስንዴ አምጥቻለሁ! ዛሬውኑ ጋግሪ!"

ስልቻውን ፈታች፤ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው። ጋሼ ይመርም ተቀብለው በጥርሳቸው ቆረጠሙት። ተያዩ። ምን እንደተባባሉ ገባኝ።

"ይኼማ ዘር ነው" አለች እትዬ። "ሰኔ እየደረሰ ነው። ጎረቤት ምርቱን እኩል ሊካፈል ያርስልናል። ይኼን ከበላን የከርሞውን ማን ይሰጠናል?"

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አንዱን ስልቻ እንኳ ብሉት ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ለእኔ ብቻ አንዲት ቂጣ ጋገረችልኝ። እነሱ ጓያውን በሉ፤ እኔ የስንዴውን ቂጣ ሳልቆርስ አሳደርኩት።

ረቡዕ፣ መመለሻ

እትዬ እስከ ትልቁ መንገድ ልሸኝህ ብላ ተከተለችኝ። ሰኔ ላይ ዝናብ ከጣለ በመስከረም ስንዴው ምን እንደሚመስል ታወራኛለች።

በድንገት ወደፊት ተደፋች፤ ክንዷን ያዝኳት። ትንሽ ሄድን፣ ደግሞ ተደፋች።

"ድንጋዩ ነው" አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ዋልካ ነው፣ ድንጋይ የለበትም።