አክስቴ የመረጠችው ናሙና

አክስቴ ማልሱክ፣ ሞክፖ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ወደቡን ቁልቁል በሚያይ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ምሳ ሠርታለች። በቀን ስድስት መቶ አርባ ልጅ ከእጇ ይበላል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ እሷ ግን የምትኮራው በቢላዋዋ ነበር። እንደ ክንድ የወፈረውን ካሮት መሰል ሥር፣ ነጭ ፍጁል፣ ይዛ ስትከትፍ፣ ከመክተፊያው ላይ ዝናብ የሚወርድ ይመስላል፤ ቀጭን፣ እኩል፣ የማያባራ። በኋላ ቀኝ ትከሻዋ እምቢ አላት።

የመክተፊያ ማሽኑ የመጣው ያኔ ነው። ይዞት የመጣው ወጣት ቴክኒሻን አራቱን ምግብ አብሳዮች ሰብስቦ አሳያቸው። የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሶኬቱን ሳይሰካ ምላጩን በዘንጉ ላይ አስገብቶ እስኪይዝ አዞረው፤ ክዳኑን ገጥሞ "ቀጭ" እስኪል ተጫነው። ክዳኑ ካልገጠመ ማሽኑ አይነሳም፤ ምላጩ የሚታጠበውም የብረት ጓንት ተደርጎ ነው።

"በዚህ አፍ አትክልቱን ተከትሎ የሚገባው ይሄ መግፊያ ብቻ ነው" አለ፣ ድቡልቡሉን ፕላስቲክ ከፍ አድርጎ። "ጣት አይገባም። ሌላም ነገር አይገባም።"

አክስቴ ከሁሉም ኋላ ነበረች።

"እትዬ፣ ቀረብ በይ እንጂ" አለቻት ሂክዮንግ፣ የሥራ ጓደኛዋና ታናሿ።

"ምኑን ልቅረብ! ይሄ ልጅ ጡት ሳይጥል እኔ ስንት ድስት ጥጃለሁ!"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ቴክኒሻኑም ሳቀ። አክስቴ ከተነገረው ሁሉ የያዘችው "ጣት አይገባም" የሚለውን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የፍጁል ሰላጣ በሚቀርብበት ሐሙስ፣ መግፊያው ታጥቦ በማብሰያው ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ቀረ። አክስቴ ያለችው አትክልት በሚዘጋጅበት ክፍል ነው። ከዚህ ወደዚያ ለመሻገር ቦቲው ይለወጣል፣ ሽርጡ ይለወጣል፣ ጓንቱ ይለወጣል፣ እጅ እስከ ክርን እንደገና ይታጠባል። ጨው የምትዝቅበት ነጭ የፕላስቲክ የሩዝ ጭልፋ ግን እጇ ላይ ነበር። መቼም ጣት አይደለም ብላ ፍጁሉን በጭልፋው ገፋችው።

ማሽኑ አንዴ እንደ ማሳል አለ።

አጥፍታ ሶኬቱን ነቀለች። የጭልፋው ጫፍ ተገምጧል። ስልሳ ኪሎ ነጭ ፍጁል ውስጥ ነጭ ፕላስቲክ! እያገላበጠች ፈልጋ አንድ ስባሪ አገኘች። ከጭልፋው ጋር ስታጋጥመው የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ጎደለች። ፍጁሉ ላይ የተነሰነሰው ጨው ታጥቦ ሲወርድ አብራ ሄዳ ይሆናል አለች ለራሷ፤ ጭልፋውን ከሸሚዟ ሥር ወሸቀችው።

ማብሰያው ክፍል ውስጥ ሂክዮንግ በርበሬውን፣ ኮምጣጤውንና ሰሊጡን ጨምራ ስታሸው ነጩ ሁሉ ቀላ። ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች።

"ወይ እትዬ! ማሽኑም ያንቺን እጅ ለመደ!"

ፍጁሉን ይዛ የተሻገረችው አክስቴ፣ ሂክዮንግ አላምጣ እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን ስታይ ቆየች።

ልጆቹ ከመብላታቸው በፊት ከየምግቡ ጥቂት በከረጢት ታሽጎ ለስድስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ልጅ ቢታመም የሚመረመረው እሱ ነው። ናሙናውን የምታወጣው አክስቴ ነበረች። ከረጢቱን ከፍታ ሰላጣውን እየቆነጠረች ትከት ጀመር። እጇ ግን እየዘገየ ሄደ። አንዷን ክር ወደ መብራቱ ታነሳለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ ፍጁል መሆኗን ስታረጋግጥ ትከታለች፤ ደግሞ ሌላዋን። ከረጢቱ ሲጋመስ ምን እያደረገች እንደሆነ ገባት።

"ለፍሪዘሩ እየመረጥኩ ነበር" አለችኝ በኋላ ስትነግረኝ፣ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና። "ለልጆቹ እንደመጣ ላቀርብ፣ ለፍሪዘሩ ግን አንድ በአንድ! ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።"

ለምሳ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። የምግብ ኃላፊዋ ቦራ፣ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ሙቀት መለኪያዋን ይዛ ስታልፍ አክስቴ ጭልፋውን አውጥታ ዘረጋችላት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጎደለችው ሰላጣው ውስጥ ናት።"

"መቼ ነው የሆነው?"

"ጠዋት፣ ሁለት ተኩል ላይ።"

ቦራ የግድግዳውን ሰዓት አየች። "ስድስት ሊሆን ነው እኮ! እርስዎ ይህን ሁሉ ሰዓት ዝም ብለው?" መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ጋሪው ሮጠች። "ሰላጣው አይውጣ! አቁሙት!"

ሂክዮንግ ጋሪውን እንደያዘች ቆመች። "እኔ እኮ በልቻለሁ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አክስቴ ዞረች። "ስበላ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።"

አክስቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያን ቀን ነገር ሁሉ የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ ቦራ በኋላ የጻፈችውን ረጅም ሪፖርት እንኳ እንዲህ አታነሳውም።

ሰላጣው ተደፋ። በምትኩ በትንንሽ እሽግ ያለ፣ ከሩዝ ጋር የሚበላ የተጠበሰ የባሕር ቅጠል ወጣ፤ አክስቴም እሱን ይዛ ምግብ ማደያው ላይ፣ በተለመደው ቦታዋ ቆመች። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ትሪዋን ዘረጋች።

"እማማ፣ ፍጁሉስ?"

"ዛሬ የለም።"

"የምግቡ ዝርዝር ወረቀት ላይ አለ ይላል።"

"ተበላሽቶ ነው።"

"ማን አበላሸው?"

ሂክዮንግ አጠገቧ ሾርባ እየቀዳች ነው፤ ቀና አላለችም።

"እኔ ነኝ" አለች አክስቴ። "አይግባ የተባለ ነገር ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ደግሞ ቶሎ አልተናገርኩም።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "ታዲያ የባሕር ቅጠሉን ሁለት አድርጊልኝ።"

ሁለት ሰጠቻት። ከኋላ የነበረው ልጅ ቀረበና ትሪውን ዘረጋ።

"ፍጁሉስ?" አለ።

አክስቴ ለእሱም ከመጀመሪያው መናገር ጀመረች።